የልብ ምት መዛባት፦ ደሴ ላይ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ደሴ ውስጥ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከታካሚዎች፣ ከአስታማሚዎችና አልፎ አልፎም ከጀማሪ ባለሙያዎች በየሳምንቱ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

የልብ ምት ተዛባ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

በዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። እያንዳንዱን ምት የሚያስጀምረው በላይኛው ቀኝ የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለ አነስተኛ የሕዋሳት ስብስብ የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። መልእክቱ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ካኮማተረ በኋላ መሐል ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ጥቂት ቆይቶ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። ከሌላ ቦታ ሲነሣ፣ መንገድ ላይ ሲታገድ ወይም ባለበት ሲሽከረከር ምቱ ይፈጥናል፣ ይዘገያል ወይም ሥርዓቱን ያጣል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድነት የልብ ምት መዛባት ይባላሉ።

ስለዚህ «የምት መዛባት አለብዎት» መባል ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም። አንዱ ዓይነት ምንም ሕክምና አይፈልግም፣ ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ለረጅም ጊዜ ክትትል ወደ እኛ ከሚመጡት ዋነኛው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ በሐኪሞች አጠራር ኤ ኤፍ፣ ነው፤ የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ ይርገበገባሉ እንጂ በወጉ አይኮማተሩም፣ የታችኞቹም ከሚደርሳቸው መልእክት ጥቂቱን ብቻ ያለ ምንም ቅደም ተከተል ይቀበላሉ። የዚህ ገጽ አብዛኛው መልስ የሚመለከተው እርሱን ነው።

ልቤ አንዳንድ ጊዜ «ዘለል» ይላል፤ መፍራት አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የለብዎትም። ይህ ስሜት የሚመጣው ከጊዜው ቀድሞ ከሚነሣ አንድ ትርፍ ምት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ልብ ለአፍታ ያርፋል፣ በዚያች ዕረፍት ከወትሮው የበለጠ ደም ስለሚሞላም ተከታዩ ምት ደረትን «ዱብ» የሚያደርግ ኃይለኛ ይሆናል። ሰው የሚደነግጠው በትርፉ ምት ሳይሆን በዝምታውና ከዝምታው በኋላ በሚመጣው ዱብታ ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስና ጭንቀት ያበዙታል። በልጆችና በወጣቶች ላይ ደግሞ አየር ሲያስገቡ ምቱ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ማለቱ ጤናማ ነው።

ነገሩን በቀላሉ የማላልፈው ዝላዩ በሥራ ወይም በሩጫ መሐል ሲብስ፣ ራስን መሳት ሲከተለው፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም አብሮት ሲኖር፣ ታካሚው አስቀድሞ የልብ ሕመም ካለበት፣ ወይም ከቅርብ ቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ነው።

ቤቴ ሆኜ ምቴን እንዴት መለካት እችላለሁ?

አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ካረፉ በኋላ የአንድ እጅዎን መዳፍ ወደ ላይ አድርገው ያንጋልሉ፤ የሌላውን እጅ ሁለት ወይም ሦስት ጣቶች ከአውራ ጣት ሥር ወረድ ብሎ ካለው የእጅ አንጓ ላይ ቀስ ብለው ያሳርፉ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተስተካከለ ምት ይበቃ ይሆናል፤ ለተዛባ ምት ግን አሳሳች ነው፤ በዚህ ጉዳይ ተማሪዎቼን ሳልሰለች እጨቀጭቃለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ ሥርዓቱን ያዳምጡ። ትርፍ ምት ያለበት ሰው ትርታ አንድ ጊዜ ስቶ ወዲያው ወደ ዜማው የሚመለስ ድቤ መቺን ይመስላል፤ የኤ ኤፍ ትርታ ግን መመለሻ ዜማ የለውም፤ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ዘግይቶ፣ አንድ ጠንካራ፣ ሦስት ደካማ እያለ ይቀጥላል። አንዳንዱ ምት በጣም ደካማ ከመሆኑ የተነሣ እጅ ላይ ጨርሶ አይደርስም፤ በዚህ ምክንያት ደረት ላይ በማዳመጫ 130 የሚቆጠር ልብ እጅ ላይ 95 ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ኤ ኤፍ የተጠረጠረበትን ሰው ምት ደረት ላይ መቁጠርም የሚገባው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው የግፊት መለኪያም እንዲህ ባለ ምት ላይ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው ይዋዥቃል። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል፤ በመሣሪያው መስታወት ላይ የምት መዛባት ምልክት ደጋግሞ ከታየ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት በወረቀት ላይ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ መነሣት ያስፈልጋል።

ኢሲጂ ተነሥቼ «ደህና ነው» ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ይመታል?

የተለመደው ኢሲጂ የሚመዘግበው የ10 ሰከንድ ያህል ምት ነው። መጥቶ የሚሄድ መዛባት በዚያች 10 ሰከንድ ውስጥ ካልተከሠተ ወረቀቱ እውነቱን ቢናገርም የእርስዎን እውነት አልያዘም። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሰውነት ጋር ታስሮ የሚውለው መቅረጫ፣ ሆልተር፣ ነው። እርሱ በማይገኝበት ቦታ የምመክረው ቀላል ነገር ነው፦ ልብዎ መምታት ሲጀምር ቀጠሮ ሳይጠብቁ ኢሲጂ ወዳለበት ቅርብ ጤና ተቋም ይሂዱ፣ ወረቀቱንም ለሁልጊዜው ያስቀምጡ።

ለጀማሪ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር። በኤ ኤፍ ከትልቁ ሞገድ በፊት መኖር የነበረባት ትንሿ የፒ ሞገድ አትታይም፣ በትልልቆቹ ሞገዶች መካከል ያለው ርቀትም አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ፍጥነቱን ለማወቅ በ10 ሰከንዱ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሞገዶች ቆጥሮ በስድስት ማባዛት ነው። ነገር ግን በኅዳር ማለዳ ጋቢውን አውልቆ ደረቱን የገለጠ የደሴ ታካሚ ይንቀጠቀጣል፤ የጡንቻው መንቀጥቀጥ በወረቀቱ ላይ ኤ ኤፍ የሚመስል ጭረት ይጥላል። ርቀቶቹ እኩል ከሆኑ ታካሚውን አሙቆ ደግሞ ማንሣት ነው። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ እንዲህ ባለ ወረቀት ተሸውጄ አንዲት ጤነኛ ሴት ያለ ጥፋቷ አስደንግጫለሁ።

በምን ምክንያት ይመጣል?

በበለጸጉ አገሮች ኤ ኤፍ በአመዛኙ የአረጋውያን በሽታ ነው፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ውፍረትና ዕድሜ ይዘውት ይመጣሉ። እነዚህ እዚህም አሉ፣ በከተማው ነዋሪ ላይም እየበዙ ነው። ነገር ግን ከኩታበር፣ ከለጋምቦ ወይም ከወረባቦ ልጅ አዝላ የመጣች የ28 ዓመት እናት ምቷ ተዛብቶ ሲገኝ መጀመሪያ የማስበው የልብ በርን፣ ማለትም በልብ ክፍሎች መካከል እየተከፈተና እየተዘጋ ደም የሚያሳልፈውን ክዳን፣ ነው። በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር ሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ያጠቃ መስሎት የልብን በሮች ያቆስላል። ቁስሉ ከዓመታት በኋላ ሚትራል የተባለውን በር ያጠብበዋል፣ በጠበበው በር ፊት ደም የሚከማችበት የላይኛው ግራ ክፍል ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ግድግዳም መልእክቱን በሥርዓት ማስተላለፍ ያቅተዋል። እንጥል መቁረጥ ይህን አይከላከልም፤ የሚከላከለው ጉሮሮን በፔኒሲሊን ማከም፣ አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት ለያዘው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አለማቋረጥ ነው።

ሁለተኛው የማልዘነጋው እንቅርት ነው። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በዝቶበታል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ሌላው ሰው ጋቢ በሚደርብበት ቀን የሚያልበው፣ እየበላ የሚከሳ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ታካሚ ምቱ ከተዛባ የታይሮይድ ምርመራ ሳይታዘዝለት መሄድ የለበትም። ሆርሞኑ ሲስተካከል ምቱ በራሱ ሊመለስ ይችላል፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ ደስ የሚለኝም ይኸው ነው፣ ሥሩ ሲታከም ቅርንጫፉ ስለሚደርቅ።

ከእነዚህ ሌላ ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ድካም፣ የሳምባ ምች፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ እንዲሁም በተቅማጥና በሽንት አብዢ መድኃኒት ምክንያት የፖታሲየም ማነስ ሊያነሣሡት ይችላሉ። ስለዚህ ከኢሲጂ በኋላ የልብ አልትራሳውንድ፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊት፣ የጨውና የደም መጠን ምርመራ የሚታዘዘው ገንዘብ ለማስወጣት ተብሎ አይደለም።

ቡናና ጫት ልተው?

ቡናን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ መልስ አለኝ፦ በመጠኑ የሚጠጣ ቡና ኤ ኤፍ እንደሚያመጣ የተደረጉት ጥናቶች አላሳዩም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጡ ልብዎ የሚዘልል ከሆነ ይቀንሱ፤ ካልሆነ እኔ ረከቦትዎን አላስነሣም።

ጫት ግን ሌላ ነው። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ አምፌታሚንን የሚመስል ሥራ አለው፤ የልብን ፍጥነትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ጠዋት ምትን ለማዘግየት ሜቶፕሮሎል ውጦ ከሰዓት በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው በአንድ እጁ ፍሬን ይዞ በሌላው ነዳጅ የሚሰጥ ሾፌር ነው። ለዱዓም ሆነ ለጨዋታ የሚቀመጡ ታካሚዎቼን ከጉባኤው ቅሩ አልላቸውም፤ ቅጠሉን ግን ለሌላው ያሳልፉት።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ልቤ ይፈጥናል፤ ከፍታው ነው?

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ልብ በመጠኑ ቢፈጥን አይደንቅም፤ ምቱ ግን ሥርዓቱን አያጣም። የሐረጎን ዳገት በመኪና ተቀምጠው ወጥተው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም ትርታዎ የተዛባ ከሆነ፣ ከፍታውን ሰበብ አድርገው አይለፉት።

ምንም አይሰማኝም፤ ለምን መድኃኒት እወስዳለሁ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ሳይኮማተሩ ሲርገበገቡ ደም በጥጋቸው፣ በተለይ በግራው ክፍል በኩል ባለች የጆሮ ቅርጽ ያላት ኪስ ውስጥ፣ ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። ከዚያ የተቆረሰ ቁራጭ ወደ አንጎል ከወጣ ስትሮክ ነው፤ ወደ እግር ከወረደ እግርን ያቀዘቅዛል፣ ወደ አንጀት ከሄደ አንጀትን ይገድላል። የልብ መምታት ስሜትና የደም መርጋት ግንኙነት የላቸውም፤ ምንም የማይሰማው ሰው ልቡ እየደበደበ ከሚያስነሣው ሰው እኩል ሊረጋበት ይችላል። ኤ ኤፍ የስትሮክን አደጋ በአምስት እጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ሚትራል በሩ የጠበበ ከሆነ ከዚያም በብዙ ይልቃል።

የልብ በራቸው ጤነኛ ለሆነ ታካሚዎች የደም ማቅጠኛ ያስፈልግ እንደሆነ የምንወስነው ነጥብ በመቁጠር ነው፦ የልብ ድካም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ሥር ሕመም፣ ከ65 እስከ 74 የሆነ ዕድሜ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ፤ 75ና ከዚያ በላይ የሆነ ዕድሜ ሁለት፤ ቀድሞ የደረሰ ስትሮክ ሁለት። ቀደም ሲል ሴት መሆን አንድ ነጥብ ይጨምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ያን ነጥብ ትቶታል። በዚህ አቆጣጠር ግፊትና ስኳር ያለባቸው የ68 ዓመት አባት ሦስት ነጥብ አላቸው፤ መድኃኒቱ ያስፈልጋቸዋል። መካከለኛ ወይም ከባድ የሚትራል ጥበት ላለበት፣ ወይም የብረት በር ለተተከለለት ሰው ግን ነጥብ አይቆጠርም፤ የ20 ዓመት ወጣትም ቢሆን መድኃኒቱን ይጀምራል።

አንዲት እናት አስታውሳለሁ፤ ባለቤታቸው ደግፈዋቸው ገቡ፣ አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው ከነጠላው ሥር ተንጠልጥሏል። ባለቤታቸው ከደረት ኪሳቸው ያወጡት የመድኃኒት ካርድ ግማሹ አልተነካም። «ደህና ሆና ነበርኮ» ነው ያሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ደህና ነበሩ፤ መድኃኒቱም ደህና የነበሩበትን ቀን ለማራዘም ነበር የተሰጣቸው።

አስፕሪን አይበቃም?

አይበቃም። አስፕሪን ለጠበበ የልብ ደም ሥር ይጠቅማል፤ በኤ ኤፍ ምክንያት የሚመጣን ስትሮክ ግን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አይከላከልም፣ የማድማት ጣጣው ግን አብሮት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው አቬሮስ የተባለው ጥናት ዋርፋሪን የተባለውን የቆየ ደም ማቅጠኛ መውሰድ ለማይችሉ ታካሚዎች አፒክሳባን የተባለውን አዲስ ማቅጠኛ ከአስፕሪን ጋር ሲያነጻጽር አፒክሳባን በወሰዱት ላይ ስትሮክ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ በከባድ መድማት ረገድም ያን ያህል ልዩነት አልነበረም።

መድኃኒት እየወሰድኩ ምቴ አሁንም የተዛባ ነው፤ አልሠራም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሁለት የሕክምና መንገዶች አሉ፦ አንዱ መዛባቱን ትቶ ፍጥነቱን ብቻ መግታት፣ ሌላው ምቱን ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ መመለስ። እ.ኤ.አ. በ2002 አፈርም የተባለ ከ4,000 በላይ ታካሚዎች የተካፈሉበት ጥናት በሁለቱ መንገዶች መካከል በሞት መጠን ልዩነት አላገኘም፤ በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ምቱን ለመመለስ መሞከር ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። የተለጠጠ ልብና የጠበበ በር ላለው ሰው ግን ምቱ ቢመለስም አይሰነብትም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን የሚወስዱት ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎል ወይም ዲጎክሲን የሚሠራው ፍጥነቱን ነው። በዕረፍት ጊዜ ምቱ በደቂቃ ከ110 በታች ከሆነና ሕመምተኛው ከተሻለው መጀመሪያ በዚያ መርካት ይቻላል፤ ምልክቱ ካልለቀቀው ዝቅ እናደርገዋለን። የሚትራል ጥበት ላለበት ግን ፍጥነቱን ጠበቅ አድርጌ መያዝ እመርጣለሁ፤ ደም በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋልና።

«በኤሌክትሪክ መልሱልኝ» የሚል ካለ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን መዛባቱ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ፣ አስቀድሞ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ደም ማቅጠኛ በትክክል መወሰድ አለበት፣ ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ያለዚያ የላይኛው ክፍል መኮማተር ሲጀምር የረጋውን ደም ራሱ ወደ አንጎል ሊወረውረው ይችላል።

ዋርፋሪን ስወስድ ጎመን መብላት ክልክል ነው?

ክልክል አይደለም፤ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ተግባር በማገድ ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ይህን ቫይታሚን በብዛት ይዘዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ጎመን ከማዕዱ የማይጠፋ ሰው በፋሲካ ማግስት ወደ ዶሮና ሥጋ ሲዞር የደሙ ቅጥነት ልኬት፣ አይ ኤን አር የምንለው፣ ይቀየራል፤ በረመዳን የምግብ ሰዓትና መጠን ሲለወጥም እንዲሁ። ስለዚህ ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራውን አስቀድመው ያሠሩ፤ ከጾሙ ጋር መጣላት አያስፈልግም። ለኤ ኤፍ የሚፈለገው ልኬት ከ2 እስከ 3 ነው፤ በሚትራል ቦታ የብረት በር ላላቸው ከ2.5 እስከ 3.5። ከ2 በታች ሲወርድ መከላከያው ይላላል፣ ከ4 በላይ ሲወጣ መድማት ያሰጋል።

ከጎመን ይልቅ የምፈራው ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒትን ነው። ሆድ ሲቆርጥ «ለአሜባ» ተብሎ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል፣ ባክትሪም፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል የዋርፋሪንን ጉልበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያንሩታል፤ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያዳክመዋል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያደማሉ፤ ለወገብ ሕመም መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ጡንቻ ውስጥ ደም ያቋጥራል። ዋግምትም ሆነ ሒጃማ በዚህ መድኃኒት ላይ ሳሉ አይሞከርም። ፋርማሲ በገቡ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ዋርፋሪን ነው የምወስደው» የሚለው ይሁን።

በየቀኑ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱት፤ ከረሱ በዚያው ዕለት ሲያስታውሱ ይውሰዱ፣ ቀኑ ካለፈ ይተዉት እንጂ በማግስቱ ሁለት ጊዜ አይውጡ። መጠን ሲቀየር ሙሉ ውጤቱ ለመታየት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከታካሚዎቼ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቀኑን፣ ልኬቱንና የዋጡትን መጠን በልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ በሦስት ዓምድ አስምረው ይጽፋሉ፤ ያን ደብተር ከፍቼ ልኬቱ የወረደበትን ሳምንት ስጠቁም ራሳቸው «ያኔ ለቅሶ ሄጄ ነበር፣ መድኃኒቱን ይዤ አልወጣሁም» ብለው ይነግሩኛል። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለበት ሽንት፣ የማይቆም ነስር፣ ወይም ጭንቅላት ተመትቶ የሚከተል ራስ ምታት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ጠበል የሚሄዱትንም አልከለክልም፤ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ።

ምርመራ የማይፈልጉት አዲሶቹ ማቅጠኛዎች አይሻሉም?

የልብ በሩ ጤነኛ ለሆነ ሰው አዎን፣ ይሻላሉ፤ አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባንና ዳቢጋትራን የአይ ኤን አር ክትትል አይፈልጉም፣ አንጎል ውስጥ የማድማት አደጋቸውም ያንሳል። ሪቫሮክሳባን በሙሉ መጠኑ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ የኩላሊት ምርመራም ለሁሉም ያስፈልጋል። ዋጋቸው ግን ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ለሁለት ወር ገዝቶ በሦስተኛው ከማቋረጥ ዋርፋሪንን በወጉ መውሰድ ይበልጣል። እነዚህ መድኃኒቶች ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ አንድ ሁለት ቀን መዝለል እንኳ ሰውን ያለ መከላከያ ያስቀራል።

በሩማቲክ ሕመም ሚትራል በሩ ለጠበበ ግን መልሱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣው ኢንቪክተስ፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ ሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤ ኤፍ ያለባቸውን ታካሚዎች ያካተተ ጥናት ነው፤ ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት ገጠማቸው፣ መድማቱም አልበዛባቸውም። የእኛን የመሰሉ ሕመምተኞችን ዋና ጉዳዩ ያደረገ ትልቅ ጥናት ብዙ ጊዜ አይገኝምና ይህን ውጤት በክብደቱ ልክ እይዘዋለሁ። የብረት በር ላላቸውም አዲሶቹ አይሰጡም፤ ዳቢጋትራን በእነርሱ ላይ ሲሞከር መርጋቱም መድማቱም በዝቶ ጥናቱ ቀድሞ ቆሟል።

ዲጎክሲን አደገኛ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሽንት አብዢው ፉሮሴማይድ ፖታሲየምን ሲያሳንስ ደግሞ በተለመደው መጠን እንኳ ይመርዛል። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ፣ ካቅለሸለሸው፣ ነገሮች ቢጫ ሆነው ከታዩት ወይም ምቱ ከ60 በታች ከወረደ የሚቀጥለውን እንክብል ሳይውጥ ይመርመር። በተለይ የተዛባ የነበረው ምት በድንገት ቀርፋፋና የተስተካከለ ሲሆን ጀማሪ ሐኪም «ተሻለው» ብሎ ይደሰታል፤ እኔ ግን መመረዝን እጠረጥራለሁ።

ኤ ኤፍ እያለብኝ ማርገዝ እችላለሁ?

መልሱ በልብ በሩ ሁኔታ ላይ ይወሰናል፤ ውሳኔው ግን ከእርግዝናው በፊት መሆን አለበት። በእርግዝና የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በሩ በጣም የጠበበ ሴት ይህ ጭነት ሳምባዋን በውኃ ሊሞላው ይችላል። ዋርፋሪንም በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት የጽንሱን አጥንትና ፊት ይጎዳል፤ በዚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሄፓሪን በተባለ የደም ማቅጠኛ መርፌ ይተካል፣ የብረት በር ላላት ደግሞ ውሳኔው ከልብና ከማኅፀን ሐኪሞች ጋር በጋራ ይሆናል። የወር አበባ የቀረባት ዋርፋሪን ወሳጅ ሴት በራሷ ሳታቋርጥ በዚያው ሳምንት መምጣት አለባት። ከወለደች በኋላ ግን ዋርፋሪን እየወሰደች ጡት ማጥባት ትችላለች።

ወጣት ልጄ ልቡ በድንገት 180 ይመታና በድንገት ይቆማል፤ ይህም ኤ ኤፍ ነው?

ምቱ ፈጣን ሆኖ እንደ ሰዓት እኩል ከሆነ፣ እንደ መብራት በቅጽበት በርቶ በቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ፣ ምናልባት መልእክቱ በመሐለኛው መተላለፊያ አካባቢ የሚሽከረከርበት ሌላ ዓይነት ነው። ይህ የደም መርጋት ጣጣ የለውም፣ በብዙ ሰው ላይም በማማጥ ይቆማል፦ ግማሽ ተንጋልሎ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍ ውስጥ ይዞ ዘንጉን ለመግፋት ያህል ለ15 ሰከንድ መንፋት፣ ወዲያው በጀርባ አስተኝቶ እግሮቹን ለ15 ሰከንድ ወደ ላይ ማንሣት። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ 43 በመቶው ሲቆምላቸው በተለመደው አማማጥ የቆመላቸው 17 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ካልቆመ ሆስፒታል ውስጥ አዴኖሲን 6 ሚሊግራም፣ ቀጥሎም 12 ሚሊግራም በደም ሥር በፍጥነት ይሰጣል።

ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጌ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ፈጣን ምት ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ራስን ከመሳት ወይም ከግራ መጋባት ጋር ሲመጣ፤ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ሲታይ፤ እግር ወይም እጅ በድንገት ቀዝቅዞ ሲገረጣና ሲያም። በስትሮክ ጊዜ «ይለፍለት» ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ውኃም ሆነ እንክብል በአፍ አይስጡ፣ ትን ሊለው ይችላል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ግን በትክክል ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።

ከጀማሪ ባለሙያዎች፦ ፍጥነት የሚገቱት መድኃኒቶች የማይሰጡበት ኤ ኤፍ አለ?

አለ፤ ጥቂት ቢሆንም ስሕተቱ ይገድላል። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ከመሐለኛው መተላለፊያ ሌላ የላይኛውን ክፍል ከታችኛው የሚያገናኝ ትርፍ ጅማት አለው። እንዲህ ያለው ሰው ኤ ኤፍ ሲይዘው በኢሲጂው ላይ ምቱ የተዛባ፣ ሞገዶቹ ሰፊና እርስ በርስ የማይመሳሰሉ፣ ፍጥነቱም በቦታው ከ200 በላይ ሆኖ ይታያል። ቬራፓሚል፣ ዲጎክሲን፣ አዴኖሲን ወይም ቤታ ብሎከር ከተሰጠው መደበኛው መንገድ ተዘግቶ መልእክቱ ሁሉ በትርፉ ጅማት ይወርዳል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ግፊቱ ከወረደ በቅንጅት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው መፍትሔው፤ ከተረጋጋም ፕሮካይናማይድ ካለ እርሱ፣ ከሌለ ንዝረቱ። በነገራችን ላይ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የመግፋት ጉልበቱ ለቀነሰ ልብም አይሰጡም፤ ይህኛው ስሕተት ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይታያል።

እንዲህ ያለ ታካሚ ሪፈር ስትጽፉ የኢሲጂውን ወረቀት ከሪፈሩ ጋር አያይዙ፣ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በአስታማሚው እጅ ይሁን። «ፈጣን የልብ ምት ነበረው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይዞ ከደረሰ፣ ምቱ መንገድ ላይ ተመልሶ እኛ የምናገኘው ጤነኛ ኢሲጂ ያለው አንድ የደከመው ወጣት ብቻ ነው።